ሰዓት ያዥ

ትርሲት፣ ነገ በአዛን ተነሺ፣
ለልጅሽ ሁለት ፎጣ፣ ለራስሽ ሹራብ እንዳትረሺ፤
ውጭው የሻርጃ ወበቅ፣ ኅዳርም ቢባል ያው፣
ውስጡ ግን ከጣሪያ የሚወርድ ውርጭ ነው።
ሁለት ማለቴ፣ አንዱ ይረጥባል፣
አንዱ ደግሞ ይጠፋል።
ሦስት ካለሽ ሦስት ያዢ።

ቁርስ አታብዢባት፤ ግማሽ ሙዝ፣ ሁለት ተምር፣
ከዚያ በላይ ከበላች ሆዷ ነው የሚወዳደር።
ማርከርም ያስፈልጋል፣ ውሃ የማይለቀው፣
ውድድሩ፣ ዙሩ፣ መስመሩ ክንዷ ላይ ነው የሚጻፈው።
የሲፈን ክንድ እስከ ማክሰኞ አልጠራም፤
ሳሙናም፣ ዘይትም፣ ሎሚም አልረዳም።

ከዚያ መጠበቅ ነው።
መጠበቅ ለምጃለሁ እንዳትዪኝ ደግሞ፣
በኢቃማ ሰልፍ ላይ ቀኑ ሲመሽ አዝግሞ፤
ይሄኛው ሌላ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ
በፕላስቲክ ወንበር፣ በክሎሪን ሽታ፣ የሰው ልጆች ሲዘሉ፤
ከዚያ የእናንተ ተራ።
አንድ ደቂቃ ናት፣ እሷም ከሞላች፣
ስልክሽን ስትከፍቺ አልቃ ትወጣለች።

ረጅሙ ፊሽካ ሲነፋ፣
ያ ሁሉ ጫጫታ ድምጥማጡ ሲጠፋ፣
አንቺም ዝም በይ።
«አይዞሽ የኔ እናት!» ብዬ ጮኼ አውቃለሁ፤ ሲፈን ቀና አለች፣
ሌሎቹ ሲዘሉ እሷ እኔን ታያለች።

ዳኛው እጁን ቢያነሳ ሰላምታ አይደለም፤
በደረት ዋና ግድግዳ በአንድ እጅ አይነካም፣
ከነካች ተሰረዘች።
ደምሰው ግን መስሎት
ከማዶ ተነሥቶ እጅ አወዛወዘለት።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም።
ባለፈው ወር አሠልጣኟ፣ ማሪሴል፣ ነጭ ካናቴራ ይዛ መጣች፣
«ሰዓት ያዥ ጎድሎኛል፣ እባክሽ» አለች።
እምቢ ማለት ከብዶኝ
እሺ ብል፣ አንደኛው መስመር ጫፍ አቆሙኝ።
ሲፈን አራተኛው ላይ ናት።
ሦስት መስመር፣ ትርሲት፣ ባሕር ማለት ነው፤
ሰዓት የያዘ ሰው ዓይኑ ከራሱ ግድግዳ አይነቀልም፣ ሕጉ ይኸው ነው።

የእኔ መስመር ልጅ ጁማና ትባላለች።
የሌሎቹ ውሃ ረግቶ፣ እሷ ገና መሐል ትታገላለች።
በግራዬ ጭብጨባ፣ በግራዬ ስም ሲጠራ፣
የሲፈን ይሁን የማን፣
አልዞርኩም። አልዞርኩም፣ አውራ ጣቴ እየፈራ።
ጁማና ትመጣለች፤ አፏ ውሃ ይውጣል፣ ይተፋል፣
መነጽሯ አገጯ ላይ ወርዷል፣
ዓይኗ ግድግዳውን ይፈልጋል።
«ነይ» አልኩ፣ በአማርኛ። ሰዓት ያዥ እንዲህ አይልም።
«ነይ፣ ነይ፣ ደርሰሻል» አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም።
ሁለት እጇ ነካ። ጫንኩት።
አንድ ደቂቃ ከሃያ ሁለት፣ ነጥብ አርባ።

ሲፈን መጣች ፎጣዋን ተከናንባ፣
«እማ፣ ስንት ገባሁ? አየሽኝ?»

ምን ልበላት?
የሰው ልጅ ሰዓት በእጄ ነው፣ እስከ ነጥቡ ድረስ።
«በሁለት እጅሽ ነካሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።
«የማንን ያዝሽ?» አለች።
«የጁማናን።»
አፍንጫዋን በፎጣዋ ጠረገች፣
«ጥሩ አደረግሽ» አለች፣ «እሷ ሁልጊዜ ብቻዋን ነው የምትጨርስ።»

እና ነገ፣ ስትመለሱ፣ መኪና ውስጥ ስለ ሰዓት አታንሺ፣
ስለ ሜዳሊያም፣ ስለ እነ እገሌ ልጅም፤
«ራበሽ ወይ?» ብቻ በያት።
ከኋላ ወንበር ላይ፣ ገና ሳትመልስልሽ ትተኛለች፣
ፀጉሯ ወንበሩን ያረጥበዋል።
ሦስተኛው ፎጣ ለዚያ ነው።
ባይኖርም ተዪው፤ አጅማን እስክትደርሱ ይደርቃል።